የኋላው ጎማ ቁጥር

ባሌ ከታመመ ወዲህ ማፈር ስራዬ ሆኗል። እሱ አያፍርም። እኔ ግን ሻይ ሲጠጣ በከንፈሩ ጥግ ጠብ ሲልበት አፍራለሁ። የእንግዳ ስም ሲጠፋበት ከአፉ ነጥቄ እናገርለታለሁ። አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ሲጠይቅ ስቄ ለማለፍ እሞክራለሁ፤ ሳቄ የውሸት መሆኑን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገረን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛሉ። ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመልሷል፤ ትዝታው ግን የተቀደደ ጆንያ ሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚያፈስ አይታወቅም። ትናንት ማን ሊጠይቀው እንደመጣ ይረሳና ድሮ ያከማትን ላም ቀለም ሳይሳሳት ይነግርሃል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ከነቀምቴ እስከ አንገር ጉቲን ያለውን መንገድ በሞተር ሳይክል ሲመላለስ ነው ያረጀው። ሞተሯ የራሱ ናት፤ ከታመመ ጀምሮ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። እንድትሸጥ የሚመክረኝ አልጠፋም። እኔ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ንብረት የሚቆጥር ሰው ደሜን ያፈላዋል። "ቆማ ምን በላችባችሁ?" እላቸው ነበር።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መጨረሻ ልጃችን ተመረቀች። የአባቷን ሙያ ነው የተማረችው፤ የተመደበችውም እዚያው አንገር ጉቲን ነው። ባሌ ምደባዋን ሲሰማ ብዙ አላሰበም። "ሞተሯን ትውሰድ" አለ። ጎረቤት ሁሉ "እንዴ፣ ሴት ልጅ በሞተር?" ብሎ ተንጫጫ። "ታዲያ በምን ትሂድ፣ በክንፍ?" አልኩና ዝም አሰኘሁ። መንጃ ፈቃዷን ካወጣች ቆይታለች፤ ከእኔ ፍርሃት በቀር የጎደላት ነገር አልነበረም።

ሸራው ሲገፈፍ ግን ጎማዎቹ አልቀዋል። ቆመው ነው ያለቁት፤ ጎናቸው ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ እግር ተረከዝ ሆኗል። ባሌ በከዘራው ተደግፎ ወጣና በግራ እጁ ዳሰሳቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ጎማውን የምመርጠው እኔ ነኝ" አለ።

ይህን ሲል እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ከታመመ ወዲህ "እኔ ነኝ" ብሎ የጀመረው የመጀመሪያ ነገር ነበር። ምግቡን የምመርጥለት እኔ፣ ልብሱን የምመርጥለት እኔ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ እንኳ የምመርጥለት እኔ ሆኜ ነበር። አሁን ልጁን መንገድ የሚያስይዛት አባቷ ነው። ይህቺ ነገር በሰው ፊት እንዳትበላሽበት ለራሴ ማልኩ።

"ሃዳ ማና" አለኝ፤ በአፋን ኦሮሞ የቤት እመቤት እንደማለት ነው፣ ከጋብቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "የፊቱ ሁለት ሰባ አምስት በሃያ አንድ። የኋላው አራት አስር በአስራ ስምንት። እንዳትሳሳቺ።"

ጎማ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ውፍረቱን ይናገራል፣ የመጨረሻው ጎማው የሚገባበትን የብረት ክብ፣ ቸርኬውን። ውፍረቱ ትንሽ ቢለያይ ሰው ይቻቻላል። የመጨረሻው ቁጥር ከተሳሳተ ግን ጎማው ጨርሶ አይገባም፤ ወይም ሰፍቶ ይወልቃል። የፊቱን ልክ ነበር የተናገረው። ልጄ ግን ሞተሯ ስር ተንበርክካ በስልኳ መብራት የኋላውን ስታነብ ነበርና ቀና ብላ "አባ፣ ይሄ እኮ አራት ስልሳ በአስራ..." ስትል እግሯን ረገጥኳት። ጠንከር አድርጌ ነው የረገጥኳት፤ "ኡፍ!" አለች።

የኋላው አስራ ሰባት ነው። እኔ ለማወቅ መንበርከክ አያስፈልገኝም ነበር።

ያደግኩት አንገር ጉቲን ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ስራ የጀመርኩትም እዚያው፣ የአማርኛ መምህርት ሆኜ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ከማንጎ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ቸርኬ ነበር፤ ተረኛው መምህር በብረት ይመታዋል። አንድ ቀን ተረኛዋ እኔ ሆኜ ሳለ፣ እስከ ጭኑ ጭቃ የሆነ ሰው ሞተር እየገፋ ግቢው ገባ። የኋላ ቸርኬው ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ታጥፏል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ዛፉ ላይ አንጋጦ ደወሌን ያያል። "ያቺን ስጪኝ" አለ። "ደወል ነው እኮ!" አልኩት። "ለናንተ ደወል ነው፤ ለኔ ቸርኬ ነው" አለኝ። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ ነቀምቴ ሄዷል። የበረዶ ሳጥኑን ከፍቶ የከብት ክትባቱን አሳየኝ፤ በረዶው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ከሟሟ የአንድ ቀበሌ ከብት ሳይከተብ ይቀራል። ተሟገትን። በመጨረሻ ሰጠሁት። የሰፈሩ መካኒክ ጠርዙን ቀጥቅጦ፣ የመሃሉን ቀጫጭን ሽቦዎች አሳጥሮ ገጠመለት።

እኔ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ በእጄ እያጨበጨብኩ ተማሪ ስሸኝ ከረምኩ። እሱ የጭነት መኪና ቸርኬ ይዞ መጣ፤ ድምፁ ወንዝ ማዶ የሚሰማ። ከዚያ በኋላ ደግሞ "ደወሉ ይሰራል ወይ ብዬ ነው" እያለ መምጣት አበዛ። ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ደወል ምን ይሆናል! ቀጥሎ ሽማግሌ ላከ።

ቸርኬው ከሞተሯ አልወጣም። ከፋብሪካው የመጣችበት አስራ ስምንት ነበር፤ "ወደ ድሮዋ መልሳት" ሲሉት "ይቺ ሚስት ያገኘሁባት ናት" ይል ነበር። አዲስ ጎማ በተገዛ ቁጥር "አስራ ሰባት" ሲል ወደ እኔ እያየ ነበር የሚለው።

አሁን አስራ ስምንት አለ። ወደ እኔ አላየም።

ልጄ ማታ እቃ እያጠብን "እማ፣ ለምን ዝም ብለን አንነግረውም? ሲሰማ ያስታውስ ይሆናል" አለችኝ። "ባያስታውስስ?" አልኳት። ለእሷ አባቷ አንድ ቁጥር ነው የረሳው። እኔ ግን "አስራ ሰባት እኮ ነው፣ ረሳኸው?" ብዬ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ባዶ ሆኖ ቢያየኝስ? አለማወቅ ይሻለኛል አልኩ። ለእሱ ክብር ብዬ ነው እያልኩም ራሴን አታለልኩ።

ገበያ የሄድኩት ብቻዬን ነው። የጎማ መደብሩ ባለቤት ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው ነው፤ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላው በአማርኛ፣ በስልክ ደግሞ በጉራግኛ በአንድ ጊዜ ያወራል። የፊቱን ጎማ ነግሬው እያወረደ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ባሌ ነው። "ስልኩን ለሰውዬው ስጪው" አለ። ድምፁ የበፊቱ የስራ ድምፁ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ጨነቀኝ። ባለሱቁ እጁ በጎማ ስለተያዘ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።

"የኋላው አራት አስር በአስራ ስምንት። ለአንገር ጭቃ ነው፤ ጥርሱ ጥልቅ ይሁን" አለ ባሌ።

"እሺ ጋሼ! አራት አስር በአስራ ስምንት!" አለና ባለሱቁ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። እኔ በጣቴ አይ፣ አይ አልኩት። ቆም አለ። አጠገቡ የተደረደሩትን አራት ስልሳ በአስራ ሰባት ጠቆምኩት። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። እንደገና ጠቆምኩ፤ አሁንማ ከንፈሬን ነክሼ ልመና ነው። ሱቁ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ አንዷ የተማሪዬ እናት ናት፤ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

"አገኘኸው?" አለ ባሌ።

ባለሱቁ የአስራ ሰባቱን ጎማ በእጁ እንደያዘ፣ "አግኝቻለሁ ጋሼ፣ አራት አስር በአስራ ስምንት፣ ይኸው በእጄ ነው" አለ። ከዚያ አይኑን ወደ መሬት አደረገ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ገብቷቸዋል፤ እኔ ባሌን እንደ ህጻን ሳታልል እያዩኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ "አሞት እኮ ነው..." ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። የተማሪዬ እናት "ዋቀዮ ይርዳሽ ቲቸር" አለችኝ። ፈጣሪን ነበር የጠራችልኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጎማዎቹን በባጃጅ ጭኜ፣ አንዱን ጭኔ ላይ አቅፌ ጎሚስታው ቤት ወሰድኩ። ልጄ የሞተሯን እግሮች አስፈትታ እዚያ እየጠበቀችኝ ነበር። ጎሚስታው ሲገጥም "አስራ ሰባት ነው፣ ልክክ ብሏል" አለ፤ "ቁጥሩን ቤት ስትመጣ እንዳትጠራ" አልኩት። ልጄ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ከእኔ ጋር ብዙ አላወራችም፤ እኔም ንዴቴን በቀሚሴ ላይ በተቀባው ጥቁር ቅባት ላይ ተወጣሁ፣ ፈትጌ ፈትጌ ጨርቁን ልበሳው ምንም አልቀረኝም።

ሞተሯ ተገጣጥማ ስትቆም ባሌ ከወንበሩ ሆኖ "አስራ ስምንት ነው?" አለ።

"አዎ" አልኩት።

"ጎሽ" አለ። በቃ፣ እንዲህ ቀላል ነበር።

ልጄ ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጸሎት ኅብረታችን ሰዎች ቤታችን መጡ። መንገደኛ ሲኖር እንዲህ ነው ልማዱ፤ ይጸልያሉ፣ ይመርቃሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ባሌን ንጹሕ ሸሚዝ አልብሼ በረንዳው ላይ፣ ከሞተሯ አጠገብ አስቀመጥኩት። ያን ቀን መልኩ ጥሩ ነበር። የመጣውን ሁሉ "አከም ኦልታን" እያለ በግራ እጁ ይጨብጣል፣ ወደ ሞተሯም ያሳያል። "ጎማውን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። የፊቱ ሃያ አንድ፣ የኋላው አስራ ስምንት። መንገዱን አውቀዋለሁ" ይላል። ሰዎቹም "ጎበዝ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው" ይሉታል። እኔ ብርጭቆ እያደልኩ "ጌታ ሆይ፣ ይቺን ቀን ብቻ አሳልፍልኝ" እላለሁ። ውሸቴን እንዲሸፍንልኝ ነበር ጌታን የምለምነው፤ እንግዲህ እፍረት ካነሱ ይሄም አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱ ሞተር ነጂ ነው። ክፋት የሌለበት ሰው ነው፣ ነገር ግን ሞተር ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ጎንበስ አለና ጎማውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ግሩም ጎማ ነው" አለ። ከዚያ መነጽሩን ከፍ አድርጎ "ግን ኦቦ፣ ይሄ አስራ ሰባት ነው እኮ የሚለው" አለ።

"አስራ ስምንት ነው ያስገዛሁት" አለ ባሌ።

ሰውዬው ግራ ገብቶት ደግሞ አነበበ። "አራት ስልሳ፣ አስራ ሰባት።" ያለውን ማንሳት እንዳለበት ገባው፣ ግን እንዴት እንደሚያነሳው አላወቀም። ሁሉም ሰው ወደ ባሌ ማየት ትቶ ወደ ሻዩ ማየት ጀመረ። ልጄ ወደ እኔ አየች። "ሱቁ ውስጥ አልቆ ነበር" ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ።

"አስራ ሰባት ነው" አልኩ። "ቸርኬው አስራ ሰባት ስለሆነ ነው። ስትነግረኝ... እኔ ነኝ ዝም ያልኩህ። አስራ ስምንት ነው ብዬ ዋሸሁህ።"

ይቆጣል፣ ወይ ይሰበራል ብዬ ጠበቅኩ። ባሌ ጎንበስ አለና በግራ እጁ ጣት ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር እየዳሰሰ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዎቹን አያቸው። "እንግዲያው ረስቼዋለሁ" አለ። ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነው ያለው፤ ፊቱ ላይ አንዳች እፍረት የለም። ከታመመ ጀምሮ በእሱ ስም ያፈርኩት ሁሉ የእኔው ብቻ እንደነበረ ያኔ አየሁት። እሱ አላዘዘኝም፤ እሱ አልጠየቀኝም።

"የሞተሯ የፋብሪካ ቁጥር አስራ ስምንት እንደሆነ አውቃለሁ" አለ። "እንዴት አስራ ሰባት ሆነች?"

"ተቀይሮ ነው።"

"ማን ቀየረው?"

"አንተ።"

"እኔ?" አለና ሳቀ። በአንድ ወገን የሚስቀውን ሳቁን። "እስቲ ንገሪና ሃዳ ማና። እነሱም ይስሙ።"

ወይ ጉዴ! ሃያ አይን ተተከለብኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ የማልደነግጥ ሰው፣ ድምፄ ጠፋ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ጀመርኩ። ወንዙን ነገርኳቸው፣ ድንጋዩን፣ የታጠፈውን ቸርኬ፣ እስከ ጭኑ የወጣውን ጭቃ። ማንጎው ላይ የተንጠለጠለውን ደወል ነገርኳቸው። "እዚያ አንዲት ተረኛ መምህርት ነበረች" አልኩ። "እኔ" ማለት ነበረብኝ። በሰው ፊት "እኔ ነበርኩ" ብዬ እሱ እንደ አዲስ ሰው ቢያየኝ ምን ልሆን ነው? አፈርኩ፤ እና ራሴን ሌላ ሴት አደረግኩ።

"'ለናንተ ደወል ነው፤ ለኔ ቸርኬ ነው' አላት" ስል በረንዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ባሌም ከት ብሎ ሳቀ፣ ጉልበቱን በግራ እጁ መታ፣ ልክ ከዚያ በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ። የበረዶውን ሳጥን ነገርኩ፤ በረዶው እንዴት እያለቀ እንደነበረ። እዚያ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

እሱ ግን ልቡ ተንጠልጥሎ ወደ ፊት ዘንበል አለ። አይኖቹ ፊቴ ላይ ናቸው፤ ተረት ነጋሪን እንደሚያይ ሰው።

"መምህርቷስ?" አለኝ። "ሰጠችው?"

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች።

"ሰጠችው" አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። "ጌታ ይባርካት፣ ባለችበት ቦታ" አለ።

ሰዎቹ ሁሉ "አሜን" አሉ።